ለመጨረሻው ረድፍ የሚበቃ ድምፅ

እና ትልቅ ነው ማለት ይሰማል ማለት አይደለም፣ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሹም ጄን ለመንገር ከቤቴ እስከዚህ በሞተር ሳይክሌ ላይ ስደጋግማት መጣሁ፣ ቀይ መብራቱ ጋ፣ አናናስ ሻጯ ጋ፣ ቤተ መቅደሱ በር ላይ ሄልሜቴን ሳወልቅ እንኳ ምላሴ ላይ ነበረች፣ አሁን የመንደሩ ሹም ፊቴ ቆሞ ያንን ባለ ጎማ ጥቁር ስፒከር እንደሚሸጥ ፈረስ ጎኑን ቸብ ቸብ ሲያደርገው ሳይ ጠፋችብኝ። መምህርት ልያው፣ እዪው እስቲ፣ መብራት አለው፣ ሰባት ዓይነት መብራት! አያለሁ ሹም። ማይኩ ሁለት ነው! አያለሁ። ዘፈን ሲለቀቅበት ወለሉ ይንቀጠቀጣል እኮ! እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል፣ አልለውም፣ ፈገግ እላለሁ፣ ይህን ፈገግታዬን እጠላዋለሁ፣ ባለፈው ሚያዝያም እንዲሁ ነበር ፈገግ ያልኩት።

ሦስት ናቸው። ባለ ጎማው፣ ወገብ ላይ የሚታጠቀው፣ እና ሁለቱ ቀጫጮች በየማቆሚያቸው ላይ የተሰቀሉት፣ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የምቆጥራቸው፣ የሚያናግራቸው አንድ ማይክ ነውና። ባለ ሱቁ ፋን ሁሉንም እስከ ምሳ ሰዓት አውሶናል፣ የተመረጠው ይቀራል፣ የቀሩት ይመለሳሉ፣ ፎርሙ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ የመንደሩ ማኅበር የሥልጠና አስተባባሪ፣ አርባ አራት ዓመቴ፣ አዛውንቶችን ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስልክ አጭበርባሪ፣ ስለ ጎርፍ የማስተምር፣ መምህርት ሳልሆን መምህርት የሚሉኝ። አውሎ ነፋሱ የሚመጣበት ወቅት ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያልሰማ ሰው ያን ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፣ ሰባት ዓይነት መብራቱም ጌጥ ነው።

አምናም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም፣ ሱቅ ገብቼ ትልቁን አሳዩኝ ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ሹም ጄን መዝፈን ይወዳል፣ ሹም ጄን የወደደው ነገር ሳይጓተት ይፈቀዳል፣ ያች ነበረች ብልጠቴ፣ ምን ብልጠት ናት እሷ። ስፒከሩ መጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ነጎደ፣ አዳራሹ ደግሞ ወለሉ ሸክላ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ድምፄ ከፊት ይወጣል፣ ኋላ ደርሶ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ ከራሱ ጋር ይጋጫል፣ ግን እኔ ከፊት ነኝ፣ ከፊት ላለ ሰው ግሩም ነው፣ የራሴን ድምፅ እንደ ንግሥት ድምፅ ነበር የምሰማው። አሮጌው ድልድይ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የምንወጣው በትምህርት ቤቱ ዳገት ነው አልኩ፣ ሁለቴ አልኩ። ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቅሁ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማል ወይ? ይሰማል፣ ይሰማል! አርባ ሦስት ራስ ተነቀነቀ። ታዲያ ማን አይሰማም ይላል? እንግዳን ምግቡ ይጥማል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ እኮ ነው፣ በእኛ መንደር አይጥምም ያለ ሰው አልተወለደም፣ ይሉኝታ ከጆሮ ይቀድማል። ይህን አላውቅም እንዳልል እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ እኔ ራሴ ስንት ስብሰባ አንድ ቃል ሳልሰማ ነቅንቄ ወጥቻለሁ፣ ሌላው ሲስቅ ስቄ፣ ሌላው ሲያጨበጭብ አጨብጭቤ።

ሪፖርቱን በቃሌ እወጣዋለሁ። ሥልጠናው በተያዘለት መርሐ ግብር መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፣ የተሳታፊዎች ብዛት አርባ ሦስት፣ መልእክቱን በሚገባ የተረዱ አርባ ሦስት። በሚገባ። እጄ ያችን ቃል ስትጽፍ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠችም።

አውሎ ነፋሱ መስከረም ላይ መጣ። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ተከትሎ ወጣ፣ የሰማው ያልሰማውን እየጎተተ፣ አማ ሲውኪም ግን፣ አሮጊቶችን አማ ነው የምንላቸው፣ ከቀርከሃው ማዶ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ የሚከተሉት ጎረቤት የላቸውም፣ ስለዚህ እንደ ድሮው ወደ ድልድዩ ሄዱ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ የፕላስቲክ ዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መድኃኒታቸውን በከረጢት ቋጥረው፣ ድሮ ከዚያ ያነሣ የነበረውን፣ አሁን ግን የማይመጣውን አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ጠበቁ፣ ውኃው ድልድዩን ሲወጣበት አይተው ዞር ሲሉ ወደቁ፣ እጃቸው ተሰበረ። የእሳት አደጋ ሰዎች ደረሱላቸው። ደረሱላቸው፣ ተመስገን፣ ግን የደረስኩላቸው እኔ አይደለሁም። ያው ጎርፍ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ገብቶ ያንን ስፒከር ከነመብራቱ አሰጠመው፣ ሹም ጄን ለስፒከሩ አዘነ፣ እኔ ደግሞ፣ ልናገረው፣ ደስ አለኝ፣ ምስክር የሞተልኝ ይመስል።

ሐኪም ቤት የዓሣ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። በግራ እጃቸው ነበር የሚበሉት። አማ፣ ያን ቀን በስብሰባው ስለ ድልድዩ የነገርኳችሁን አልሰሙም ነበር እንዴ? ኧረ ልጄ፣ ምን ልስማ፣ ሣጥኑ ያጉረመርማል፣ ሰማይ ነው የመሰለኝ። ታዲያ ይሰማል ወይ ስላችሁ? አንቺ እንደዚያ በትሕትና ጠይቀሽ ምን ልበልሽ፣ ላሳፍርሽ? ሳቁ። በተሰበረው እጃቸው እንኳ እኔን ያጽናናሉ፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት ይላሉ፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም ይላሉ፣ ቢሰድቡኝ ኖሮ ምንኛ በተሻለኝ። ያች ማንኪያ በግራ እጃቸው ውስጥ ስትንቀጠቀጥ፣ ሾርባው አንሶላው ላይ ሲንጠባጠብ፣ ስድስት ወር ሙሉ ይኸው እያየኋት ነው፣ ጥርሴን ስቦርሽም አያታለሁ።

መምህርት ልያው! እንጀምር እንጂ፣ ሰው ገብቷል።

ገብቷል፣ አዎ። የወንበር እግር ሸክላውን ሲፍቅ፣ ማራገቢያዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ አንዱ ሲያስነጥስ፣ አርባ ሦስት ሰው፣ ከፊት እነዚያው ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡት፣ ከኋላ እነዚያው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጆሮው ደካማ የሆነው ነው፣ ለምን ቢሉ ከፊት ተቀምጦ ተጠይቆ ሳይሰማ ከሚቀር ከኋላ ተደብቆ ሳይሰማ ቢቀር ይሻለዋል፣ ይህም የገባኝ ዘንድሮ ነው። አማ ሲውኪም ከመጨረሻው ረድፍ ከግድግዳው ጥግ ናቸው። እጃቸው ድኗል፣ ጣታቸው ግን ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም። ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ኧረ እባክዎ አይነቅንቁ።

ትናንት ከተማ ፋን ሱቅ ውስጥ፣ ቆርፋዳ ሰው፣ የሚያኝከው ፍሬ ጥርሱን ያቀላው። ለካራኦኬ ነው? አይደለም። ለአደባባይ ጭፈራ? አይደለም። ታዲያ ለምንድን ነው እህቴ? ለቃል ነው አልኩት፣ አርባ ሦስት አዛውንት እያንዳንዱን ቃል እንዲሰሙ ነው። ማኘኩን አቆመ። ሰው ሁሉ ድምፅ ነው የሚጠይቀኝ፣ ቃል ብሎ የገባ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ከዚያ ወንበር ሰጠኝ፣ ሰውየው ለካ ሊቅ ነው። ሽማግሌ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው አለኝ፣ ስ የምትለዋን፣ ፍ የምትለዋን፣ ወፍራሙ ጉርምርምታ እስከ መቃብር አብሮት ይሄዳል፣ አንቺ ደግሞ በትልቅ ሣጥን ጉርምርምታ ስትጨምሪለት ቃሉን በጭቃ ቀበርሽው ማለት ነው። ወፍራሙን ቀንሺ፣ ቀጭኑን ከፍ አድርጊ፣ መሬት ላይ አታስቀምጪው፣ የፊተኛው ሰው ጀርባ ድምፁን ይበላዋል፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ከፍ ይበል። ደግሞ ከፊት አንድ ትልቅ ጩኸት ከምታቆሚ ሁለት ትንንሾች፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከመሐል፣ ለሩቅ ሰው መጮህ አያስፈልግም፣ ቀረብ ማለት ነው የሚያስፈልገው። ይህን ሲለኝ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፣ ሻይ ይምጣልሽ አለኝ። መብራት ቢጠፋስ? በባትሪ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፣ እንዲያውም አንሺያቸው። አነሣኋቸው፣ አንዱን በአንድ እጄ፣ አንዱን በሌላው፣ እንደ ሁለት የውኃ ጀሪካን፣ ባዶ ጀሪካን፣ ቀለሉኝ፣ ሱቁ መሐል ሁለቱን ይዤ ቆምኩ፣ ውጪ የሚያልፈው ሰው ያየኛል፣ ይየኝ።

ግን እኔ ወደድኩት ማለት ሰሙት ማለት አይደለም። አምናም ወድጄ ነበር። ስለዚህ ፈተና አለኝ፣ ፈተናው የእኔ ነው፣ ከማንም አልተዋስኩትም፣ ባለፈው ወር ቀብር ላይ ነው የመጣልኝ። ሬሣ ሣጥኑ ሲዘጋ የቤተ መቅደሱ ካህን የአይጥና የፈረስ ዓመት ሰዎች ጀርባችሁን አዙሩ ይላል፣ በእኛ ዘንድ ዓመታት በአሥራ ሁለት እንስሳት ተራ በተራ ይሰየማሉ፣ የእንስሳው ዓመት ከሟቹ የማይስማማ ሰው ማየት የለበትምና፣ አንዱ ሽማግሌ ሳይዞር ቀረ፣ ወዲያው ሦስት ሴቶች ትከሻውን ይዘው አዞሩት፣ አንተ ፈረስ አይደለህ! በዚህ መንደር ማን በየትኛው እንስሳ ዓመት እንደተወለደ የማያውቅ የለም፣ ልጅ ሲታጭ ይጠየቃል፣ ጠብ ሲነሣ ይጠቀሳል። እዚያው ቀብሩ መሐል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሰማችሁ ወይ አልልም። የበሬ ዓመት ሰዎች ተነሡ እላለሁ። ጎረቤቱን አይቶ የተነሣ በጎረቤቱ ይጋለጣል። መነቅነቅ አይጠቅምም፣ ፈገግታ አይጠቅምም፣ ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም።

ባለ ጎማው መጀመሪያ። ሹም ጄን ራሱ ነው የሚያበራው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ የፊት ረድፍ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ማይኩን እይዛለሁ፣ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ፣ አፌን ካዩ ከንፈሬን ያነባሉና። የበሬ ዓመት ሰዎች፣ እባካችሁ ተነሡ። እዞራለሁ። ከፊት ሁለት ተነሥተዋል፣ ትክክል። ከኋላ አጎንግ ታይ፣ ሽማግሌን አጎንግ ነው የምንለው፣ እነሱን አይቶ ብድግ ይላል፣ ሚስቱ ሸሚዙን ጎትታ ታስቀምጠዋለች፣ ቁጭ በል አንተ ጥንቸል፣ በስተርጅና በሬ ልትሆን ነው! አዳራሹ ሙሉ ይስቃል፣ አጎንግ ታይም ይስቃል፣ በምን እንደተሳቀ ግን አልሰማም፣ አየሁት፣ አልሰማም። እሺ። የዝንጀሮ ዓመት ሰዎች። ከፊት አንድ። ከመሐል አንድ። እና ከግድግዳው ጥግ አማ ሲውኪም፣ ከዝንጀሮዎች ሁሉ ታላቋ ዝንጀሮ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ በፈገግታ፣ በሚያምር ፈገግታ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁልኝ ነው። እየነቀነቁ። ቁጭ እንዳሉ። አምና ይህን ነው ያየሁት፣ ይህንኑ፣ አይቼም በሚገባ ብዬ ጻፍኩ።

ሹም ጄን በጆሮዬ፣ እሳቸውን ተያቸው እንጂ፣ እሳቸው እንኳን ስፒከር መድፍም አይሰሙ። ሹም፣ አሁን የተነሣ አለ ከመጨረሻው ረድፍ? እሳቸው ብቻ ናቸው እንዴ? ይቆጥራል፣ አየዋለሁ፣ አገጩን እያንቀሳቀሰ የረድፉን አሥራ አንድ ሰው ይቆጥራል፣ የስፒከሩን መብራት ያጠፋል። ማጥፋቱን እወደዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ መዝፈን ነው የሚወደው።

ሁለተኛ። ትንሿ ንብ ይሏታል የትምህርት ቤት መምህራን፣ ወገቤ ላይ አሰርኳት፣ ማይኳ በጆሮዬ ዞሮ ጉንጬ ላይ ይመጣል፣ እጄ ነጻ ነው፣ ክብ ሠርተን ለምንሠራው የእጅ ሥራ ሥልጠና ግሩም ናት፣ በልቤ አስቀምጫታለሁ። የነብር ዓመት ሰዎች፣ ጢይይይ! ወደ ግድግዳው ዞሬ ስለነበር ንቧ አፏጨች፣ አንዲት አማ ሁለት ጆሮዋን ትይዛለች፣ መምህርት፣ አይጥ ረገጥሽ እንዴ! ይቅርታ፣ ይቅርታ። እንደገና። ከፊት ተነሡ፣ ከመሐል ተነሡ፣ ከአምስተኛው ረድፍ በኋላ ድምፁ ይደክማል፣ ኋላ ሲደርስ የንብ ድምፅ ነው በእውነት፣ ማር የሌላት ንብ። የዝንጀሮ ዓመት ሰዎች። አማ ሲውኪም ይነቀንቃሉ። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ፣ ይህ መነቅነቅ ፍቅር ነው፣ በፍቅራቸው ሊሞቱብኝ ነው።

ሦስተኛ። ይህ ካልሆነስ? ፋን ያለኝ ሁሉ ወሬ ቢሆንስ፣ ሽማግሌ ጆሮ ጨርሶ የተዘጋ በር ቢሆንስ፣ ያኔ ምን እመርጣለሁ፣ ያኔ ሹም ጄን መብራቱን ያበራል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ዝናብ ይመጣል። አይሆንም። አንዱን ማቆሚያ ከፊት በጎን፣ ሌላውን ተሸክሜ ወንበሩ መሐል፣ ይቅርታ አጎንግ፣ እግርዎን ሰብሰብ፣ ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርጌ፣ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሼ ቀንሼ እስኪያልቅ። ይሄ ነገር ኮስማና ነው ይላል ሹም ጄን፣ ጾም የዋለ ይመስላል። ሹም፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ። እኔ? እርስዎ። ከአማ አጠገብ። ሰው ይስቃል፣ ሹም ከኋላ ተቀምጦ አያውቅማ፣ እጁን አጣምሮ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ያንስበታል።

አሁን ከአዳራሹ እወጣለሁ። ወደ ወጥ ቤቱ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ፊቴን እንዳያዩ፣ ዓይኔን እንዳያዩ፣ እኔም እነሱን እንዳላያቸው፣ ማየት አምና ምን ጠቀመኝ። ማይኩን ወደ አፌ ሁለት ጣት ያህል። የጠዋቱ ሩዝ ድስት ውስጥ እየተንፈቀፈቀ ነው። አልጮህም፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው እንደምናገረው ነው የምናገረው፣ ለአንድ ሰው። የዝንጀሮ ዓመት ሰዎች፣ እባካችሁ ተነሡ።

ምንም።

ማራገቢያ። ድስቱ። ከፊት አንድ ወንበር ሲፍቅ፣ እሱ የሚጠበቅ ነው፣ ከመሐል ሌላ፣ እሱም። እና ከዚያ ምንም፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ለአሮጊት ጉልበት ጊዜ ስጪው፣ ሦስት፣ እና ከሩቅ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የብረት እግር ሸክላውን ክርርር ሲያደርገው፣ ቀስ ብሎ፣ እየተንቀረፈፈ፣ በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ከዚያም ያ ሻካራ ድምፅ፣ ተነሣሁ እኮ! አሁን ልቀመጥ ወይስ ልጨፍር?

በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፋለሁ። እስቃለሁ፣ ማይኩ ክፍት ነው፣ ሳቄ አዳራሹ ውስጥ ይሄዳል፣ አርባ ሦስቱ ይሰሙታል፣ ይስሙት፣ ዓለም ይስማው! ይቀመጡ አማ! የዘንዶ ዓመት ሰዎች ተነሡ! ክርርር፣ ክርርር። ጥንቸሎች! አጎንግ ታይ ነው፣ ሚስቱ ስትጮህ እሰማለሁ፣ ይኸው አሁን በራሱ ተነሣ፣ ያዙኝ! ዶሮዎች! ውሾች! እንደ ንጉሥ ነኝ፣ ከወጥ ቤት ውስጥ፣ ሩዝ ድስት አጠገብ፣ በሹክሹክታ አንድ አዳራሽ ሰው አስነሣለሁ አስቀምጣለሁ፣ የአሳማ ዓመት ሰዎች፣ እና ሹም ጄን ከመጨረሻው ረድፍ፣ እኔ ነኝ አሳማው፣ እኔ ነኝ! ተነሥቻለሁ!

በዚያው ብገባ ጥሩ ነበር። ደስታዬን ይዤ በሩን ከፍቼ ብገባ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ማይኩ ላይ ትንሿ መብራት አረንጓዴ ናት። ከስድስት ወር ጀምሮ የምናገረውን አውቃለሁ፣ በባለ ጎማው ብናገረው ኖሮ እንደ ነጎድጓድ ያልፋል፣ ተናገርኩ እላለሁ፣ ማንም አይሰማም፣ ነውርና ንስሐ በአንድ ላይ ይሸፈናሉ፣ ይህንንም አስቤው ነበር፣ ልደብቀው አልችልም፣ ዛሬ ጠዋት ሞተር ሳይክሉ ላይ አስቤው ነበር። በዚህ ግን እያንዳንዱ ቃል ግድግዳው ጥግ ድረስ ይደርሳል። ስ ትደርሳለች፣ ፍ ትደርሳለች።

አንድ ነገር አለኝ እላለሁ። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ጠረጋው እንኳ ይሰማል። አምና በዚህ አዳራሽ ስለ ድልድዩ ነግሬያችሁ ነበር፣ ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም፣ ስላልሰማችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ስፒከሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እንዲሰማ ሳይሆን እንዲያምር ነው የመረጥኩት። ከዚያ ሁሉም ተረድተዋል ብዬ ጽፌ አስገባሁ። ውሸት ነበር። አማ ሲውኪም ድልድዩ ላይ ብቻቸውን የቆሙት በእኔ ምክንያት ነው። ይቅርታ።

ማራገቢያ። ድስቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ጭስስ ይላል፣ እቀንሰዋለሁ። በሩን እከፍታለሁ። አርባ ሦስት ፊት። ማንም አይነቀንቅም። አንድም ሰው አይነቀንቅም፣ ያስፈራል፣ ግን ውሸት የለበትም።

አማ ሲውኪም ናቸው የጀመሩት። አንቺ ልጅ፣ ወዲህ ነይ፣ አይ፣ እዚያው ሁኚ፣ ከእዚያም ትሰሚያለሽ። ሐኪም ቤት ያመጣሽልኝ ሾርባ ዓሣው አልበሰለም ነበር። ምን፣ አማ? አልበሰለም ነበር! ጥሬ ነበር፣ ሳላሳፍርሽ ዋጥኩት፣ ሦስት ቀን ሆዴን አመመኝ። ሹም ጄን ፊቱን በእጁ ይሸፍናል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሁሉም፣ ሁሉም በአንዴ፣ እኔም፣ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅሁ እንጃ፣ በመንደራችን ታሪክ ምግቤ አልጣመም የተባልኩ የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ፣ እንደ ሽልማት ነው የምቀበለው። እሱንም ይቅር ይበሉኝ አማ። እሱን አስብበታለሁ፣ የእጁን ትቼልሻለሁ።

እሺ። ጎርፉ። ስለ መንገዱ። ዘንድሮም በትምህርት ቤቱ ዳገት ነው የምንወጣው፣ ማስጠንቀቂያው ሲነገር ዕቃ ሳናበዛ፣ መድኃኒታችንን ይዘን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ደረጃ። አይሆንም! ማነው? አማ ሲውኪም እንደገና፣ ቆመዋል፣ ማንም ተነሡ ሳይላቸው ቆመዋል። ያንን ደረጃ ማን ነው የመረጠው? ቆጥረሽው ታውቂያለሽ? እኔ ልጆቼን ሳመላልስ ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠና ስድስት ነው፣ መያዣ የለውም፣ ዝናብ ሲመታው ሙጭልጭ ነው፣ በዚህ ጉልበቴ በየትኛው ክንፌ ልወጣው ነው? እውነታቸውን ነው! ትላለች የአጎንግ ታይ ሚስት፣ ይሄ ሰውዬማ ደረቅ መሬት ላይም ይወድቃል። አጎንግ ታይ፣ መቼ ወደቅሁ? ትናንት! ሌላው፣ የእኔ ሚስት ባለ ጎማ ወንበር ላይ ናት፣ እሷንስ? ሌላው፣ የትምህርት ቤቱ መጠለያ ውስጥ ሽንት ቤቱ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው? መጨረሻው ረድፍ ነው የሚናገረው፣ መጨረሻው ረድፍ ሙሉ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ነቅንቀው የዋጡትን ነው የሚተፉት፣ አንዱ ሳይጨርስ አንዱ፣ እኔ ፎርሙን ገልብጬ በጀርባው እጽፋለሁ፣ ደረጃ፣ መያዣ፣ ባለ ጎማ ወንበር፣ ቁልፍ፣ እጄ አይደርስም፣ ቀስ በሉ፣ አይ፣ ቀስ አትበሉ፣ ተናገሩ!

ለካ ያልሰማ ሰው አይቃወምም። አምና ዕቅዴ ሁሉ ያለ ተቃውሞ ሲያልፍ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። አሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ ዕቅዴን ቦጫጭቀው ጣሉት፣ እና ይህ ነው ድሌ፣ ከዚህ የበለጠ ድል አላውቅም።

ፎርሙን ወደ ፊት ገጹ ልገልብጠው። የተመረጠው ዕቃ፣ ሁለት አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ከነማቆሚያው። ፊርማ። ሹም ጄን ከኋላ አንገቱን አስግጎ ያየኛል፣ ይዘፍናል ግን? ይዘፍናል ሹም፣ ወለሉ ብቻ አይንቀጠቀጥም። እሺ እንግዲህ፣ ይላል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አማ ሲውኪም ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይላቸዋል፣ ከንፈሩን ነው የማየው፣ መኪና ምናምን፣ ችግር የለም ምናምን፣ ሹሞች በደረት ውስጥ የሚናገሩት ያ ዓይነቱ። አማ በሙሉ ድምፃቸው፣ ምን አልክ? መኪና እናመቻቻለን አማ፣ ለማይችሉት፣ ችግር የለም። ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የምትነግረኝ? አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር ለእሱ ስጪው! ኧረ አማ፣ ይቆይ፣ በኋላ። አሁን! አሳማ አይደለህ፣ ቀድመህ ተነሥተህ አልነበር?

ማይኩን ይዤ ወንበሩ መሐል እሄዳለሁ፣ ጉልበቶች መንገድ ይለቁልኛል፣ ሹም ጄን ይቀበለኛል፣ እንደሚዘፍን ሰው ከአፉ ራቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ጠጋ ያድርጉት ሹም፣ ሁለት ጣት፣ ጠጋ ያደርገዋል፣ አርባ ሦስቱ ወደ ኋላ ዞረዋል፣ ወንበሮቹ ሁሉ ሸክላውን እየፋቁ ዞረዋል፣ ከፊት የነበረው ኋላ ሆኗል፣ አማ ሲውኪም ያን ሙሉ የማይጨበጥ እጃቸውን ክንዱ ላይ ጣል አድርገውበታል፣ አይለቁትም፣ እሱም ትንፋሹን ይስባል፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ ስንት መኪና እንደሆነ፣ ከየት እንደሚነሣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ለሁሉም ይናገራል።